ሰኔ ላይ የሚያልቅ ሰው

በዚያ ዓመት ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሌላ ሥራ ሠላሳ ስድስት ዓመት ገና ጉልበት ነው፤ በቅርጫት ኳስ ግን ሽማግሌ ያሰኛል። የመልበሻ ቤት ልጆች «ኢል ቬኪዮ»፣ ሽማግሌው፣ ይሉኝ ነበር። ቀኝ ጉልበቴ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ሲንቋቋ ይሰማል። ባለቤቴ ሰናይት «በሩ ተከፈተ» ትላለች፤ እንስቃለን።

ሮም የመጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። እናቴ አስካለ ከእኔ ቀድማ መጥታ በሰው ቤት ትሠራ ነበርና ወረቀቷ ሲስተካከልላት ከአዲስ አበባ አስመጣችኝ። ቋንቋውን አንድ ቃል ሳልችል ቁመቴ ግን ከአስተማሪዎቼ በላይ ነበር። የሰፈሩ ካህን ይህን አይተው እጄን ይዘው ወደ ደብራቸው ግቢ ወሰዱኝና ኳስ አቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አላውቅም። በትልልቆቹ ሊጎች ስሜ የተጠራ ሰው አይደለሁም። በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች፣ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ፣ ከቅርጫቱ ሥር በክርን እየተደቃሁ ስጫወት የኖርኩ ነኝ። በመጨረሻ ወደ ሮም ተመልሼ አንድ ክለብ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ብዙ ዓመት ተጫወትኩበት፤ አምበልም ሆኜ ነበር።

በመጨረሻው የውድድር ዓመቴ ግን ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚያንሱ ረጃጅም ልጆች መጡና ቦታዬን ያዙ። ከጥቅምት ጀምሮ የተጠባባቂዎች ወንበር ዳር የእኔ ሆነ። አልተቀየምኩም። ወንበር ላይ ሆኖ ለወጣቶቹ «ወደ ግራህ ይሄዳል፣ ጠብቀው» ብሎ መጮህም ሥራ ነው። ደግሞም የክለቡ የስፖርት ዳይሬክተር ማውሪዝዮ «መጫወቱን ስታቆም የታዳጊዎች አሰልጣኝ ትሆናለህ» ብሎ ቃል ስለገባልኝ፣ ነገዬ የታወቀ ይመስለኝ ነበር።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ፣ ልምምድ ጨርሰን ላቤን በፎጣ እየጠረግሁ ሳለ ማውሪዝዮ በበሩ ብቅ ብሎ «ያሬድ፣ አንዴ ቢሮ ና» አለኝ።

ቢሮ ውስጥ የክለቡ ፕሬዝዳንት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። አሰልጣኛችን ጎራን፣ ከባልካን አገር የመጣ ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል።

«ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለ ማውሪዝዮ። «ዝውውር አግኝተንልሃል።»

«ዝውውር መቼ ጠየቅሁ?»

«አልጠየቅህም። እኛ ነን ያሰብንልህ።»

የክለቡን ስም ነገረኝ። በሰሜን፣ ጭጋግ በማይለቀው ሜዳ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። እነሱ ሉካ የሚባለውን ልጅ ይሰጡናል፣ በምትኩ እኔን ይወስዳሉ። ሉካን አውቀዋለሁ። የሮም ልጅ ነው፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ረጅምና ፈጣን።

ነገሩ አልገባኝም። «ሉካን የመሰለ ልጅ ለቀው እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው? ረጅም ሰው ጎድሏቸው ነው?» አልኩ።

ፕሬዝዳንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ረጅም ሰውስ ሞልቷቸዋል» አሉ።

«ታዲያ?»

«ችግራቸው የሚቀጥለው ዓመት ነው» አለ ማውሪዝዮ። «የሉካ ውል ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ሊሸከሙት አልቻሉም። በቦታው ቶሎ የሚያልቅ ውል ይፈልጋሉ። ያንተ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል።»

«እሺ፤ እስከ ሰኔ እዚያ እጫወታለሁ?»

ማውሪዝዮ እስክሪብቶውን ማገላበጥ ጀመረ። «እውነቱን ልንገርህ? ምናልባት መለያም ላትለብስ ትችላለህ። ቤት ይሰጡሃል፣ ልምምድ ትሠራለህ፣ ሰኔ ሲደርስ ሻንጣህን ይዘህ ትመለሳለህ። የሚፈልጉት እኮ አንተን ሳይሆን...»

«ማለቄን ነው» አልኩት።

«እንደሱ አትየው። ዛሬ በቡድናችን ካሉት ሁሉ ለገበያ የሚመች ውል ያለው ያንተ ነው።»

ይህን ያለው ሊያመሰግነኝ ነው፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። የሁለቱ ክለቦች ፊርማ አርፎበታል፤ የቀረው የእኔ ብቻ ነበር። የዝውውሩ ጊዜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል አለኝ።

«አስቤበት እመጣለሁ» አልኩ።

«ምኑን ነው የምታስበው? ስትመለስ ታዳጊዎቹ ይጠብቁሃል። ካልፈረምክ ግን...» ትከሻውን ነቀነቀ። ጎራን አሁንም መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ከዚያ እስከ ሰፈሬ ቶር ፒኛታራ በባቡሩ ውስጥ ቆሜ፣ ራሴ ጣራውን እየነካ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ሮጬ፣ ዘልዬ፣ ጥርሴን አርግፌ፣ ከእኔ ሁሉ በጣም የተወደደው ማለቄ ሆነ?

ሐሙስ ከሰዓት የእናቴ የዕረፍት ጊዜ ነው። እንደ ልማዷ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ተገናኝታ፣ ስትጨዋወት ውላ፣ ለእራት እኛ ቤት መጥታ ነበር። ማዕዱ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሰናይት ነገር ማጠማዘዝ አትወድም። «አሎራ፣ እንግዲህ ምን ትጎዳለህ?» አለችኝ። «ፈርም። ጥቂት ወር ተቀምጠህ ትመጣለህ። ከዚያ አሰልጣኝነቱ አለ። እዚህም ቢሆን እየተቀመጥክ አይደል?»

«እዚህ የተቀመጥኩት ለመግባት ነው። ጎራን ቢጠራኝ እነሳለሁ። እዚያ ማን ሊጠራኝ?»

«ክብር የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ያሬድ።»

እውነቷን ነበር። እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«የፓሪዮሊ ሰፈሯ ሲኞራዬ፣ አሠሪዬ፣ ስትሞት የሆነውን ነግሬህ አውቃለሁ?» አለችኝ።

«አልነገርሽኝም፣ እማዬ።»

«ልጆቿ ሳሎን ተቀምጠው ዕቃ ይከፋፈሉ ነበር። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። ቁም ሳጥኑ ለማርኮ ይሁን ተባባሉ። ብሩ ዕቃ ለትንሿ። ቀጥሎ ትልቁ ልጅ ምን አለ? አስካለ ለካርላ ትሁን። ካርላም ደስ አላት። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ እንኳ የለም።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አልኩ። ምን ልል ኖሯል? ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተንጠለጠለው በሥራዬ ላይ ነው። አንተን ለማምጣት እየሮጥኩ ነበር። ሰኞ ሻንጣዬን ይዤ ካርላ ቤት ገባሁ።» የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጇ ሰበሰበች። «እኔ ኳሱን አላውቅም፤ ሰናይት ያለችው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን እኔን ማንም ፈርሚ አላለኝም። አንተን ፈርም እያሉህ ነው። ፈርም የሚባል ሰው እምቢ ማለትም ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ እወቀው።»

ሰናይት ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

አርብ ልምምድ ስመጣ መልበሻ ቤት ውስጥ የቦታዬ የስም ጽሑፍ ተነሥቷል። ማን እንዳነሣው አልጠየቅሁም። ልጆቹ አቀርቅረው ጫማቸውን ያስራሉ። የጣት ማሰሪያ ፕላስተር ቆርጬ በማርከር «ያሬድ» ብዬ ጻፍኩና እዚያው ለጠፍኩት። አንዱ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ልምምዱን ግን እንደዚያን ቀን ሠርቼ አላውቅም። ጎራን አንዴም ስሜን አልጠራም፤ ዓይኑ ግን ሲከተለኝ ይሰማኝ ነበር።

ልምምድ ጨርሼ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሉካ ነኝ» አለ። «እባክህ ፈርም።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። በሐሳቤ ሉካን እንደ አንድ ስም እንጂ እንደ ሰው አላሰብኩትም።

«አባቴ ታሟል» አለኝ። «ቤታችን ሮም፣ ቼንቶቼሌ ነው። እዚህ ሆኜ በስልክ ብቻ ነው ድምፁን የምሰማው። ቤቴ እንድገባ አንድ ፊርማ ነው የቀረኝ። እሱም ያንተ ነው።»

«ሉካ፣ ክለቡ ከፈለገህ ያምጣህ። እኔም እነግራቸዋለሁ። ግን እኔን ያንተ መግዣ አታድርገኝ።»

«ላንተ ቀላል ነው። አንተ እኮ ጨርሰሃል!» ጮኸብኝ። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። መንገዱን በእግሬ ሄድኩ። ልፈርም ነው ብዬ ወሰንኩ። ጥቂት ሄጄ አልፈርምም አልኩ። ልጁ የተናገረው ነገር ይወጋኛል፤ አባቱ ደግሞ ያሳዝነኛል። በመጨረሻ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ሉካንም እኔንም አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠው እርስ በርስ ያጋጩን ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። እሱ ወደ ቤቱ ይግባ ከተባለ የእኔ መሸጥ ግዴታ የሚሆነው ለእነሱ ስለሚቀልላቸው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተላጭቼ፣ የክለቡን ጃኬት ለብሼ ሄድኩ። ፕሬዝዳንቱም ማውሪዝዮም ነበሩ። ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ማውሪዝዮ እስክሪብቶ አቀበለኝ። ተቀበልኩትና ወረቀቱ ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩት።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምን?»

«አልፈርምም። ሉካን የምትፈልጉት ከሆነ ጥሩ ልጅ ነው፤ አባቱም ታሟል፤ አምጡት። መለዋወጫው ግን እኔ አልሆንም።»

ማውሪዝዮ ፊቱ ቀላ። «ምን ሊተርፍህ ነው? ሜዳ እንደሆን ሁለተኛ አታያትም!»

«ከጥቅምት ጀምሮስ መቼ አየኋት?»

«ታዳጊዎቹንም እርሳቸው።»

«ረስቻቸዋለሁ» አልኩት። ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ወደ እሱ ገፋሁት።

ፕሬዝዳንቱ በእርጋታ ነበር የሚናገሩት። «ልጄ፣ ይህ ሥራ ነው። በግል የመጣብህ ነገር የለም።»

«ፕሬዝዳንት፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ» አልኳቸው። «ግን ወደማያጫውቱኝ ቦታ የሚሄደው የእኔ ገላ ነው። ከሚስቴና ከእናቴ ርቆ ብቻውን የሚበላው የእኔ አፍ ነው። ለእኔ ይህ በግል ነው። ውሌ እስከ ሰኔ የእናንተ ተጫዋች ነህ ይላል። ነገ ጨዋታ አለ፤ እመጣለሁ።»

ስወጣ ማውሪዝዮ ከኋላዬ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ዞር ብዬ አልሰማሁትም። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰው ሁሉ የሚሰማ መሰለኝ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰናይት ጋ ደወልኩ። «አልፈረምኩም» አልኳት። «በል ዳቦ ገዝተህ ና» አለችኝ። ከዚያች ሴት አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

እሑድ ሆነ። ከጨዋታ በፊት ጎራን መልበሻ ቤት መሀል ቆሞ የሚሰለፉትን እንደ ሁልጊዜው ጠራ። የመጨረሻው ስም ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና ማውሪዝዮ ገባ።

«ያሬድ» አለ ጎራን።

«ተነጋግረን ነበር እኮ» አለው ማውሪዝዮ።

ጎራን ቀስ ብሎ ዞረ። «አንተ ተናገርክ። እኔ ዝም አልኩ። ሐሙስም ዝም አልኩ፤ እሱ ይበቃኛል። አሁን ጨዋታ አለኝ፤ ውጣልኝ።»

ያ ሰው ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ሜዳ ስገባ ሽቅብ አየሁ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ነጠላዋን እንደለበሰች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጥታ ለክብር እንግዶች የተለየው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አንድ አስተናጋጅ «ሲኞራ፣ ይህ ወንበር የተያዘ ነው» እያለ ይለማመጣታል። በኋላ ሰናይት እንደነገረችኝ እናቴ «አዎ፣ እኔ ይዤዋለሁ» ብላ ነው የመለሰችለት።

ጨዋታው ከባድ ነበር። የባላጋራዎቻችን አጥቂ እንደ ግንብ የሰፋ ወጣት ነው፤ ልጆቻችንን ከቅርጫቱ ሥር እየገፈተረ ያስቆጥራል። በአራተኛው ሩብ አንዱ ረጅማችን አምስተኛ ጥፋቱን ሠርቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለው። ጎራን ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አየ።

«ሽማግሌው፣ ግባ» አለኝ።

ስነሣ እግሮቼ ደርቀው ነበር። የመጀመሪያው ኳስ አመለጠኝ። በሁለተኛው ያ ግንብ በክርኑ ደረቴን መታኝ። በሦስተኛው ግን ሰውነቴ ሥራውን አስታወሰ። ከእሱ ጋር ዘልዬ አልችለውም። ስለዚህ ከመዝለሉ በፊት ቦታውን እወስድበታለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ከቅርጫቱ አርቀዋለሁ። አንድም ነጥብ አላገባሁም። እሱም ግን ማግባት አቆመ።

መጨረሻው ደረሰ። በአንድ ነጥብ እየመራን ነው፤ ኳሱ የእነሱ ነው። ሁሉም ሰው ቆሟል። ለግንቡ አቀበሉት። ዞረና ቀጥታ ወደ ቅርጫቱ መጣ።

በቅርጫት ኳስ አንድ ሕግ አለ። ተከላካዩ ቀድሞ ቦታውን ይዞ፣ እግሩን ተክሎ ከቆመና አጥቂው ከገባበት፣ ጥፋቱ የአጥቂው ነው። ትንሽ ፈቀቅ ካልክ ግን ጥፋቱ ያንተ ይሆናል። ወጣቶች ይህን አይወዱትም፤ ያማልና። መንገዱ ላይ ገባሁ። እግሬን ተከልኩ። እጆቼን ደረቴ ላይ አጠፍኩ። ሲመጣ ዓይኑን አየሁት፤ ገለል እንድል ነበር የሚጠብቀው።

አልተንቀሳቀስኩም።

ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ጣራውን አየሁ፤ ፊሽካው ተነፋ። ዳኛው ክንዱን ወደ ሌላኛው ቅርጫት ሲዘረጋ አዳራሹ ጮኸ። ኳሱ የእኛ ሆነ። በአንድ ነጥብ አሸነፍን። ልጆቹ ሊያነሡኝ መጡ፤ ጎራንም መጣ፤ አጠገቤ ተንበረከከና «ሐሙስ መናገር ነበረብኝ» አለኝ። «ዛሬ ተናገርክ» አልኩት። ሽቅብ ሳይ ማውሪዝዮ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ፕሬዝዳንቱ ግን ያጨበጭቡ ነበር። ምናልባት ሥራ ስለሆነ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አማረልኝ ብላችሁ እንዳሳስታችሁ አልፈልግም። ጎድኔ ተሰብሮ ነበር። ሰኔ ላይ ውሌ አለቀ፤ ከክለቡ የደወለልኝ አልነበረም። አሰልጣኝነቱ ለሌላ ተሰጠ። ጎራንም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሉካ በዚያው የጣሊያን በጋ በራሱ መንገድ ወደ ሮም መጣ፤ አባቱም ድኖ ልጁን ሊቀበል ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥቶ እንደነበር ሰማሁ። ከእኔ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባልንም። አሁን እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ ግን አልሆንንም። እኔ አውቶቡስ ነጂ ሆንኩ። ከመሪው ጋር ጉልበቴን ለማስማማት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

«ታዲያ ምን አተረፍክ?» የሚሉኝ አሉ። ከዚያ በፊት እሺ ባይ ሰው ነበርኩ። ሂድ ሲሉኝ የሄድኩባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ እምቢ ማለት እንደማይገድል አውቃለሁ። የሚያስከፍል ያስከፍላል፤ ግን አይገድልም። በየሰው ቤት፣ በየፋብሪካው፣ በየቢሮው «ውልህ ሊያልቅ ነው» ተብላችሁ ገና ሳያልቅ እንዳለቀ የምትታዩ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ውል ያልቃል። ውሉን የፈረመው ሰው ከውሉ ጋር አያልቅም። እናቴን ቀና ብለው ያላዩዋት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር፤ እኛም ካልነገርናቸው አያውቁትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ያን እሑድ አመሻሽ ላይ ሆስፒታል ወሰዱኝ። እናቴ በአንድ ወገን፣ ሰናይት በሌላው ይዘውኛል። እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ወጣት ነርስ ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ዕድሜዬን ጠይቃ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች።

«ሥራ?» አለችኝ።

«የቅርጫት ኳስ ተጫዋች።»

ጣቷ ቆመ። የፀጉሬን ሽበት፣ በበረዶ የተጠቀለለ ጉልበቴን፣ የጎበጠ ወገቤን አየች። «ነበርክ ማለትህ ነው?»

ለመመለስ ትንፋሽ መሳብ ነበረብኝ፤ ስስበው ጎኔ እንደ ቢላ ወጋኝ።

«ነኝ» አልኳት። «እንደሱ አድርገሽ ጻፊው።»

ጻፈችው።